«አንድም» ማለት «ወይም» ማለት አይደለም

ጥያቄ፦ መምህር፣ በስልኬ የምከታተላቸው ትምህርቶች አሉ። ግብጽ የተኛ አእምሮ ነው፣ ፈርዖን «እኔነታችን» ነው፣ ከነዓን የነቃ ሕሊና ነው ይላሉ። ክርስቶስም ሰው የሚደርስበት የንቃት ደረጃ ነው ይላሉ። «የእግዚአብሔር መንግሥት በውስጣችሁ ናት» የሚለውን ይጠቅሳሉ። ይህ ከአባቶቻችን አንድምታ፣ «አንድም» እያለ መጽሐፍን ከሚፈታው ትርጓሜ፣ በምን ይለያል? እነሱን መስማት ከጀመርኩ ወዲህ ውስጤ ተረጋግቷል። ንስሓ አባቴን ግን ካየኋቸው ቆየሁ።

መልስ፦ እኅቴ፣ ይህን ጥያቄ ከብዙ ወጣቶች ሰምቻለሁ። ስሕተቱ ሁሌም የሚጀምረው «አንድም» ከምትለው ቃል ነው። በሰፈር አማርኛ «አንድም ይመጣል፣ አንድም ይቀራል» ስንል ከሁለት አንዱ ነው ማለታችን ነው። የመጽሐፍ ትርጓሜ በሚሰጥበት በጉባኤ ቤት ግን እንዲህ አይደለም። መምህሩ መጀመሪያ ዘይቤውን፣ ማለትም የቃሉን ቀጥተኛ ትርጉም፣ ይፈታል፣ ታሪኩን ይናገራል። «አንድም» የሚለው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለተኛው ፍቺ የፊተኛውን አያፈርስም፣ በእሱ ላይ ይቆማል እንጂ። ቅዱስ ጳውሎስ አጋርና ሣራን የሁለት ኪዳን ምሳሌ ሲያደርግ እንኳ (ገላ. 4፥22-26) የጀመረው አብርሃም ሁለት ልጆች እንደ ነበሩት በመናገር ነው።

የውስጡን ንባብ አባቶችም ያውቁታል። በዳዊት 136ኛው መዝሙር የባቢሎንን ሕፃናት በዓለት ላይ ስለሚፈጠፍጥ ሰው የሚናገር ከባድ ቃል አለ። አባቶች ሕፃናቱን ገና የተወለዱ ክፉ አሳቦች፣ ዓለቱን ክርስቶስ ብለው ተረጎሙት። ጠዋት ቢሮ ገብተሽ አንዷ ክፉ ቃል ጣል አደረገችብሽ እንበል። ቂሟ ገና ሕፃን ናት። እስከ ምሳ ሰዓት ካሳደግሻት ግን ትጥልሻለች። እኔ በዚህ ትርጓሜ ብዙ ተጠቅሜበታለሁ። ነገር ግን አስተውዪ፦ ዓለቱ የአንቺ አእምሮ አይደለም።

ስለ መንግሥቱ የጠቀስሽው ቃል በመጽሐፍ ቅዱሳችን «በመካከላችሁ» ነው የሚለው (ሉቃ. 17፥21)። ጌታ ይህን የመለሰው ለፈሪሳውያን ነው። «መቼ ትመጣለች?» ሲሉት ንጉሡ ፊታቸው ቆሞ ነበር። ከሙታን ሲነሣም ደቀ መዛሙርቱ መንፈስ ያዩ መስሏቸው ደነገጡ። እሱ ግን «የሚበላ አላችሁ?» ብሎ ጠየቃቸው፤ የተጠበሰ ዓሣና የማር ወለላ ሰጡት፣ በፊታቸው በላ። የንቃት ደረጃ ዓሣ አይበላም፣ እጁንና እግሩንም አያሳይም። በጸሎተ ሃይማኖታችን የአንድ ሮማዊ ገዥ ስም፣ የጲላጦስ ስም፣ የሚጠራው ለምን ይመስልሻል? ስቅለቱ በታወቀ ዘመን፣ በታወቀ አገር ስለሆነ ነው።

መረጋጋትሽን አልነቅፍም። ግን መረጋጋትና ይቅርታ አንድ አይደሉም። ሰው በድሎም በረጅሙ ተንፍሶ ሊረጋጋ ይችላል፤ የተበደለው ሰው ግን አሁንም እያለቀሰ ነው። በጣታችን እየቆጠርን 41 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» የምንለው የሚሰማን ስላለ ነው። ለራሱ «ማረኝ» የሚል የለም።

ዛሬ ማታ ሉቃስ 24ን እስከ መጨረሻው አንብቢ። «ይህ የምን ምሳሌ ነው?» አትበይ። ማን ምን አለ፣ የት ቆመ፣ ማን አለቀሰ እያልሽ ብቻ ሂጂ። ነገ ደግሞ ንስሓ አባትሽ ጋ ደውዪ። ጠፍቼ ምን እላቸዋለሁ ብለሽ አትፍሪ፤ «አባ፣ ቆየሁብዎት» ካልሻቸው ይበቃል።