የተገለበጠው የጊኒ ፒግ ፅንስ፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ጥንቱ የፅንስ ጥናት ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከመጡት ጥያቄዎች የሚበዙት በአንድ ክርክር፣ ማለትም በጊኒ ፒግ ፅንስ ክርክር ላይ ስለሆኑ እዚያው ላይ ቆይቻለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ «የተገለበጠ ፅንስ» ሲሉ ምን ማለትዎ ነው?

መልስ፦ ጀርመናዊው የፅንስ ተመራማሪ ቴዎዶር ቢሾፍ የጥንቸልን ፅንስ በ1842፣ የውሻን በ1845 አሳትሞ በ1852 ከአይጥ ወገን ወደሆነችው ትንሽ እንስሳ፣ ወደ ጊኒ ፒግ መጣ። በቀደሙት ሁለቱ ዛሬ ኤክቶደርም የምንለው፣ ቆዳና ነርቭ የሚወጣበት የፅንሱ ንብርብር ከውጭ፣ አንጀት የሚሸፈንበት ኢንዶደርም ከውስጥ ነው። በጊኒ ፒግ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኖ አገኘው፤ ገልብጠው እንዳወለቁት ካልሲ።

ጥያቄ፦ ሥራው ከመታተሙ በፊት ያዩት ገምጋሚዎች ታዲያ እንዴት አሳለፉለት?

መልስ፦ የምን ገምጋሚ! የለንደኑ የሳይንስ ማኅበር ሮያል ሶሳይቲ ከ1830ዎቹ ጀምሮ የአባላቱን የጽሑፍ አስተያየት ይጠይቅ ነበር እንጂ አሠራሩ በየቦታው የተለመደ አልነበረም። የሳይንስ መጽሔቱ ኔቸር እንኳ የአቻ ግምገማን (ጽሑፍን ከመታተሙ በፊት በሙያው ሰዎች ማስመርመርን) ቋሚ ደንብ ያደረገው በ1973 ነው። የቢሾፍ ሥራ የተገመገመው ከታተመ በኋላ፣ በሌላ ሰው መቀስና ማይክሮስኮፕ ነው። የበርሊኑ የአካል ጥናት ሊቅ ራይኸርት በ1862 በዚያው እንስሳ ላይ የራሱን ምርመራ አወጣ፤ አልተስማሙም። ቢሾፍም በ1866 አዲስ ምልከታ ይዞ ተመለሰ።

ጥያቄ፦ አንድ እንስሳ አይተው እንዴት አይስማሙም?

መልስ፦ የጥንቸል ፅንስ ማህፀን ውስጥ እንደ ፊኛ ይነፋል፤ ለማየት ይመቻል። የጊኒ ፒጓ ግን በ6ኛው ቀን ገደማ፣ ገና ነጥብ ሳታክል፣ የማህፀን ግድግዳ ውስጥ ትቀበራለች። ፈልፍሎ ሲያወጧት ትቀደዳለች። በስሱ እየከተፉ በተከታታይ መመርመር ደግሞ ገና አልተስፋፋም ነበር።

ጥያቄ፦ ጊኒ ፒግ ከጊኒ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ከደቡብ አሜሪካ አንዲስ ነው። አሳማም አይደለም።

ጥያቄ፦ በመጨረሻ ማን ረታ?

መልስ፦ ቢሾፍ በዓይኑ ያየው ልክ ነበር። ጀርመናዊው የእንስሳት ተመራማሪ ዘለንካ በ1884 የአይጥ ወገኖችን አወዳድሮ እንዳስረዳው ንብርብሮቹ ማንነታቸውን አልተለዋወጡም፤ ፅንሱ ከሥሩ ወዳለው ከረጢት፣ ወደ አስኳል ከረጢቱ ስለሚሰምጥ ነው ኢንዶደርሙ ወደ ውጭ የሚዞረው።

ጥያቄ፦ ቢሾፍ እሺ የማይል ሰው ነበር ማለት ነው?

መልስ፦ እሱስ ግትር ነበር። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ማርቲን ባሪ የወንዴ ዘር የጥንቸል እንቁላል ውስጥ አየሁ ሲል አጥብቆ ከካዱት አንዱ እሱ ነው። በ1854 ግን ራሱ አይቶ፣ ባሪ ልክ ነው ብሎ በጽሑፍ አመነ።

ጥያቄ፦ የ1852ቱን ሥራ እርስዎ ቢገመግሙት ያሳልፉት ነበር?

መልስ፦ «ተሻሽሎ ይምጣ» እለው ነበር። ሥዕሎቹን አልነካም፤ ግን አንድ ሌላ የአይጥ ወገን ጨምርበት እለዋለሁ።