ከሆስፒታል በአራት መድኃኒት ወጣ፤ በተመላላሽ ሕክምና ለምን ተቀነሰ?

ጥያቄ፦ ወንድሜ በሳይኮሲስ (ከእውነታ በሚያርቅ የአእምሮ ሕመም) ተኝቶ ታክሞ ሲወጣ ኦላንዛፒን 20 ሚሊ ግራም፣ ሃሎፔሪዶል 5 ሚሊ ግራም፣ ዳያዜፓም 10 ሚሊ ግራምና ትራይሄክሲፌኒዲል ታዘዘለት። በተመላላሽ የሚከታተለው ሐኪም ግን ሃሎፔሪዶሉን አቁሞ ዳያዜፓሙን መቀነስ ጀመረ። የትኛውን ሐኪም እንመን?

መልስ፦ ሁለቱንም። ሆስፒታል ያለው ሐኪም የሚያክመው እንቅልፍ ያጣና የተረበሸ፣ ራሱን ወይም ሌላውን ሊጎዳ የሚችል ሰው ነው። የሳይኮሲስ መድኃኒት ሙሉ ውጤቱን ለማሳየት ሳምንታት ይፈጅበታል፤ እስከዚያ ሕመምተኛው እንዲረጋጋ ዳያዜፓም ወይም ሎራዜፓም ይጨመራል። ተመላላሹን የሚከታተለው ሐኪም ደግሞ የሚያመዛዝነው ወንድምዎ ለወራትና ለዓመታት የትኛውን መድኃኒት እየወሰደ ሊኖር እንደሚችል ነው። ችግር የሚፈጠረው ለጊዜው የታዘዘው መድኃኒት ከማዘዣ ወደ ማዘዣ እየተገለበጠ ቋሚ ሆኖ ሲቀር ነው።

እንደ ኦላንዛፒንና ሃሎፔሪዶል ያሉ ሁለት የሳይኮሲስ መድኃኒቶች አብረው የሚገኙት ብዙ ጊዜ አንዱን በሌላው የመቀየር ሥራ ሳያልቅ ሕመምተኛው ስለወጣ ነው። የአንዱ መጠን እየወረደ የሌላው እየወጣ ሳለ መሃል ላይ ይቆማል። እንዲህ ተደርበው ሲቀሩ ጥቅማቸው እምብዛም አይጨምርም፤ የጡንቻ መገተር፣ ድብታና የልብ ምት መዛባት ስጋት ግን ይጨምራል። ሌሎች የሳይኮሲስ መድኃኒቶች ሳይሠሩ ሲቀሩ የሚሰጠው ክሎዛፒን ተሞክሮ በቂ ለውጥ ላላመጣላቸው ሕመምተኞች ሁለተኛ መድኃኒት የሚታከልበት ጊዜ አለ፤ ያ ግን ታስቦበት የሚደረግ ነው።

ዳያዜፓም በየቀኑ ከ4 ሳምንት በላይ ከተወሰደ ሰውነት ይለምደዋል። በድንገት ማቆም ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት፣ አልፎም የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ በየሁለት ሳምንቱ ከዕለቱ መጠን ከ10 እስከ 25 በመቶ እየተቀነሰ ይወጣል። በዚህ መሃል የሚመጣውን እንቅልፍ ማጣት ቤተሰብ “ሕመሙ አገረሸ” ብሎ መድኃኒቱን ወደ ድሮው መጠን ሲመልሰው መቀነሱ ከዜሮ ይጀመራል።

ትራይሄክሲፌኒዲል የታዘዘው ሃሎፔሪዶል የሚያመጣውን መገተርና መንቀጥቀጥ ለማስታገስ ነው። ሃሎፔሪዶሉ ሲቆም ይህም ሊቆም ይችላል፤ በአንድ ቀን ግን አይሁን። ሃሎፔሪዶል ከሰውነት ለመውጣት ቀናት ስለሚወስድበት ትራይሄክሲፌኒዲሉ ትንሽ ዘግይቶ ቀስ በቀስ ይቀነስ። ሳያስፈልግ ከቀጠለ አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ማስታወስንም ያደክማል።

ወንድምዎ የሚያጨስ ከሆነ ለሐኪሙ ሳይነግሩ አይለፉ። የትምባሆ ጭስ ጉበት ኦላንዛፒንንና ክሎዛፒንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። ሆስፒታል ውስጥ ሳያጨስ ልክ የነበረው መጠን፣ ወጥቶ ማጨስ ሲጀምር በቀናት ውስጥ ሊያንሰው ይችላል። ኪኒኑን ሳያቋርጥ ሕመሙ የሚያገረሽበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ይህን የሚያደርገው ጭሱ እንጂ ኒኮቲኑ ስላልሆነ በቆዳ ላይ የሚለጠፈው ኒኮቲን መጠኑን አያዛባም።

ከሆስፒታሉ የተሰጠውን የመውጫ ወረቀት ይዘው ይሂዱ። ከእያንዳንዱ መድኃኒት አጠገብ ለምን እንደታዘዘ፣ መቼ እንደተጀመረና እስከ መቼ እንደሚወሰድ ካልተጻፈ ያጽፉ። በተለይ “እስከ መቼ” የሚለው ከወረቀቱ ሲጎድል ነው ዳያዜፓም ዓመት የሚዘልቀው።

ጥያቄ፦ እህቴ ሊትየም (የስሜት መዋዠቅን የሚያረጋጋ መድኃኒት) ትወስዳለች። ሆስፒታል ሳለች በደሟ ያለው መጠን 0.7 ሚሊሞል በሊትር ነበር፤ በተመላላሽ ስትመረመር፣ የምትወስደው ሳይጨመር 1.1 ሆነ። ምን ተፈጠረ?

መልስ፦ በመጀመሪያ ደሙ የተወሰደበትን ሰዓት ይጠይቁ። ልኬቱ የሚታመነው የመጨረሻው ኪኒን ከተዋጠ 12 ሰዓት ያህል ቆይቶ ሲወሰድ ነው። ተኝታ ሳለች ነርሶች የጠዋቱን ኪኒን ከመስጠታቸው በፊት ደም ይቀዳሉ፤ ከቤት የመጣች ግን ብዙ ጊዜ ኪኒኑን ውጣ ነው የምትደርሰው፣ ቁጥሩም ከፍ ይላል። ሰዓቱ ልክ ከነበረ ኢቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ወስዳ፣ ተቅማጥ ይዟት ወይም ጨው ቀንሳ እንደሆነ ይጣራ። የእጅ መንቀጥቀጥ ከባሰባት፣ ካስታወካት፣ አረማመዷ ከተንገዳገደ ወይም ንግግሯ ከተኮላተፈ ቀጣዩን ኪኒን ሳትወስድ በዚያው ቀን ትመርመር።