ደወሉ ለምን እንደ ትንኝ ሆነ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጎንደር አራዳ ሰዓትና ራዲዮ እጠግናለሁ። የአንድ ጠረጴዛ ሰዓት ደወል ሽቦው ተነቅሎ መጣልኝ። ደወሉ ስስ የናስ ዝርግ ነው፤ መሃሉ ላይ ነጭ ሴራሚክ ተለጥፏል። ሽቦውን ሴራሚኩ ላይ በየድኩት፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ እንደ ትንኝ ሆነ። ምን አጠፋሁ? ደግሞ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት አለበት ብለው አስፈራሩኝ። እርሳስ የሌለው አይገኝም?

መልስ፦ መበየጃውን አቆይተኸዋል። አይዞህ፣ እኔም የቤቴን ደወል እንዲሁ ገድዬዋለሁ፤ መብራት ሳይሄድ ልጨርስ ብዬ አብዝቼ አግዬ።

ያ ነጭ ነገር እንደ ወለቃ ሸክላ በእሳት የተተኮሰ ነው፤ ግን ከጭቃ አይሠራም። እርሳስ ከሌለበት የቆየውን፣ ባሪየም ታይታኔትን ልንገርህ። በዓይን የማትታይ ሳጥን አስብ። ስምንቱ ማዕዘን ላይ ባሪየም፣ ስድስቱ ገጽ መሃል ላይ ኦክስጅን፣ እምብርቷ ላይ ታይታኒየም አለ። ታይታኒየሙ ከመሃል ትንሽ ፈቀቅ ይላል፤ ሳጥኗም በአንድ በኩል 1 በመቶ ያህል ትረዝማለች። አንዱ ጫፍ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጋቲቭ ይሆናል። ፋብሪካው በከፍተኛ ቮልቴጅ ሳጥኖቹን ወደ አንድ አቅጣጫ ያሰልፋቸዋል። ከዚያ ሲጫኑት ቮልቴጅ ይሰጣል፤ ተለዋዋጭ ቮልቴጅ ሲሰጡት ይንቀጠቀጣል፣ ይጮኻል።

120 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ታይታኒየሙ መሃሉ ላይ ይመለሳል። ሲበርድ እንደገና ይሸሻል፤ ግን አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ጎን፣ እንደ ቅዳሜ ገበያ ሰው። አንዱ የሌላውን ውጤት ያጠፋል።

ያንተ ደወል ግን አብዛኛውን ጊዜ ፒዜድቲ ነው፦ የእርሳስ፣ የዚርኮኒየምና የታይታኒየም ውህድ። ሙቀት ይበልጥ ይችላል፤ 350 ዲግሪ የጋለ መበየጃ ሲቆይበት ግን ሰልፉ ይፈርሳል። ድምፁ ጨርሶ ያልጠፋው ከፊሉ ስለተረፈ ነው። ሴራሚኩን አንድ ሁለት ሰከንድ ብቻ ንካው፣ በቃ።

እርሳሱ (የልጆች መጻፊያው አይደለም!) ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ነው። ውህዱ ውስጥ ስለታሰረ መንካቱ አያሳስብህ፤ አትሞርደው እንጂ። ይልቅ ቀኑን ሙሉ በጣትህ የምትይዘው የመበየጃ ሊድም (ቀልጦ ሽቦ የሚያያይዘው) ብዙ ጊዜ እርሳስ አለበት። ሳትታጠብ እንጀራ አትቁረስ።

እርሳስ ከሌላቸው ተስፋ የተጣለበት የፖታሲየም፣ ሶዲየምና ኒዮቢየም ውህድ ነው። 420 ዲግሪ አካባቢ ድረስ ይችላል። በ2004 እ.ኤ.አ. የጃፓን ተመራማሪዎች ከፒዜድቲ ጋር የሚፎካከር ሠርተዋል። ጣጣው ምድጃው ላይ ነው፦ ከ1000 ዲግሪ በላይ ሲተኮስ ፖታሲየሙና ሶዲየሙ ይተናሉ። ዱቄቱም እንደ ክረምት ጨው እርጥበት ይስባል።

ለጊዜው ከተሰበረ የልጆች መጫወቻ አንድ ደወል ፈልቅቅ። ሽቦው ያልተነቀለውን ምረጥ።