ደብዳቤ ሲያስፈልጋችሁ ብቻ ለምትደውሉ የወሎ ልጆች

አብሽሩ፣ ልሳደብ አይደለም። መቆጣቴ ግን አይቀርም።

ኅዳር በተጋመሰ ቁጥር ስልኬ ይጨናነቃል። ደሴ ወይም ወልድያ የተማረ ነርስ፣ አዋላጅ ወይም ጤና መኮንን አሜሪካ ገብቶ፣ ሌሊት ሌሊት አረጋውያን ሲንከባከብ ከርሞ፣ ማስተርስ ልቀጥል ይላል። ሸጋ ሐሳብ ነው። "ዴድላይኑ መቼ ነው?" ስለው "ዲሴምበር 1" ይለኛል። "የሪኮመንዴሽን ደብዳቤ ማን ይጽፍልሃል?" ስለው ዝም።

1. ወረቀቱ

ትራንስክሪፕት ለዌስ (የውጭ አገር የትምህርት ማስረጃ ለሚገመግመው ድርጅት) የሚላከው ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ ነው፤ የወጪ መጋራት ዕዳችሁን ሳትጨርሱ ሬጅስትራሩን አትጨቅጭቁ።

2. ማን ይጻፍ

ለፐብሊክ ሄልዝ ብዙው ማመልከቻ የሚገባው በሶፋስ፣ ማለትም ለብዙ ትምህርት ቤቶች በአንድ ቦታ በሚያመለክቱበት ድረ ገጽ፣ በኩል ነው። አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች 3 ደብዳቤ ይፈልጋሉ። አንዱ የግድ ያስተማራችሁ ሰው ይሁን፤ ሌላው የሥራ አለቃችሁ ሊሆን ይችላል። የአጎታችሁ ልጅ ዶክተር ቢሆንም አይሆንም።

ማዕረግ አያታልላችሁ። ስማችሁን ከማያውቁ ዲን ይልቅ፣ ሐርቡ ጤና ጣቢያ ለአታችመንት ስትወጡ አብሯችሁ የዋለ ሌክቸረር ይበልጣል። ትኩሳት የያዘው ልጅ አቅፋ የመጣችውን እናት እንዴት እንዳናገራችኋት፣ መዝገቡ ላይ የተሳሳተውን ቁጥር ማን እንዳየው ያስታውሳል። መራጮቹ የሚፈልጉት ይህን ነው።

3. "አንተው ጻፈውና ልፈርም"

እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው።

መምህሩ ጊዜ ያጥራቸውና "ረቂቁን ላክልኝ" ይላሉ። ልጁ ከጓደኛው ያገኘውን ደብዳቤ ስም ቀይሮ ይልካል። ለሁለተኛው መምህርም ያንኑ፣ ለሦስተኛውም ያንኑ። የባሰበት ደግሞ በመምህሩ ስም ጂሜይል ከፍቶ፣ ራሱ ጽፎ፣ ራሱ ይልካል። ጎበዝ፣ ይህ ማጭበርበር ነው! ከተነቃበት የተሰጠ ቅበላ ይሰረዛል። ከዚያ በኋላ ከዚያው ግቢ የሚመጣ እውነተኛ ደብዳቤም በጥርጣሬ ይነበባል። አንድ የማውቀው ልጅ ሦስቱ ደብዳቤዎቹ በአንድ እጅ የተጻፉ መሆናቸው ታወቀበትና ቀረ። ጎበዝ ተማሪ ነበር። ቢለምኗቸው ከልባቸው የሚጽፉለት መምህራን ነበሩት። ዛሬም ያንገበግበኛል።

የመምህሩንም ኑሮ እዩት። በ2014ቱ ጦርነት ወሎ ዩኒቨርሲቲ ተዘርፏል። ከ2015 ክረምት ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ጠፍቶ ነበር። ደመወዙን እናንተው ታውቁታላችሁ። እንዲህ ላለ ሰው ያለ ማብራሪያ ደብዳቤው የሚጫንበትን የሶፋስ ሊንክ ትልኩና "እስካሁን አልሞሉልኝም" ብላችሁ ታማላችሁ። ሊንኩ ስፓም ውስጥ ተቀምጦ ይሆናል። ከፍተውት ከሆነም ደብዳቤ ከመጫን በፊት ይህን ተማሪ ከሌሎች ጋር እያነጻጸራችሁ መዝኑ የሚል ቅጽ ይጠብቃቸዋል። መብራት እየሄደ በስልክ ሲሞሉት አስቡት።

ስለዚህ ሥራውን አቅልሉላቸው። ሲቪያችሁን፣ ትራንስክሪፕታችሁን፣ ለምን መማር እንደፈለጋችሁ የጻፋችሁትን በቴሌግራም ላኩ። ከሥሩ አብራችሁ የሠራችሁትን ሁለት ሦስት ነገር አስታውሷቸው፤ የትኛው ኮርስ፣ የትኛው ጤና ጣቢያ፣ የመመረቂያ ጽሑፋችሁ ስለምን እንደነበር። ፍርዱንና ቃሉን ለእሳቸው ተዉላቸው። ክብ ማህተምና ቲተር ፍለጋ ቢሮ ለቢሮ እንዳይንከራተቱም ንገሯቸው። "ሰዓት አክባሪ፣ ሥነ ምግባሩ የተመሰገነ" የሚለው ለማንም ይጻፋል፣ ለዘበኛም ይጻፋል። እንግሊዝኛው ባያምርም የታየ ነገር ይኑርበት።

ደብዳቤውን የማየት መብታችሁን ትታችሁ እንደሆነ ማመልከቻው ሲጠይቃችሁ፣ "ትቻለሁ" በሉ። መብቱ የመጣው በፈረንጆቹ 1974 ከወጣው የአሜሪካ ሕግ ነው። ካልተዋችሁት፣ አንባቢው መምህሩ ተማሪውን ፈርተው አሞግሰው ይሆናል ብሎ ይጠረጥራል። "ሳላየው እንዴት ይላካል?" የምትል ካለህ፣ የማታምነውን ሰው መጀመሪያውኑ አትጠይቅ።

ደግሞ እንዲህ ያለው ጥያቄ ከስንት ዓመት ዝምታ በኋላ ነው የሚሄደው! ከተመረቃችሁ ወዲህ ለእኚህ ሰው "ዒድ ሙባረክ" ብላችኋል? "እንኳን አደረስዎ" ብላችኋል? ከተማው ሲያዝ፣ ሰው ሁሉ ሲሰደድ፣ ደኅና ናቸው ወይ ብላችሁ ጠይቃችኋል? ለዘመድ ሠርግ ብር የምትልክ፣ ፌስቡክ ላይ ስለ ወሎ ፍቅር የምትፎክር፣ ደም ግፊት መለካት ላስተማረህ ሰው አንዲት መልእክት ከበደችህ? የወሎ ሰው ይሉኝታ አለው፤ አሁንም እሺ ይላችኋል። እሺታው ግን ደብዳቤ አይሞላም። የሚጽፉት ነገር ከትዝታቸው ጠፍቷል፤ ያጠፋችሁት ደግሞ እናንተ ናችሁ።

እዚያው ላይ ሽቶ ልላክ፣ ስልክ ልላክ የምትሉም አላችሁ። ደብዳቤው ሳይገባ ስጦታ መላክ ነውር ነው፤ ሰውየውንም ታሳፍራላችሁ።

4. ጊዜው

ሁለት ወር ቀድማችሁ ጠይቁ። መጀመሪያ "በደንብ ሊጽፉልኝ ይችላሉ?" በሉ፤ ካመነቱ አመስግናችሁ ወደ ሌላ ሂዱ። ከናይት ሺፍት ስትወጡ እሳቸው ክፍል ውስጥ ይሆናሉና ከመደወላችሁ በፊት ጻፉላቸው።

5. ውጤቱ

ስትቀበሉ ደውላችሁ ንገሯቸው። ሳይቀበሏችሁም ንገሯቸው፤ በሚቀጥለው ዓመት ያው ደብዳቤ ያስፈልጋችኋል።