መርፌ ወጋኝ፤ «ኃላፊነቱ የራሴ ነው» ብዬ ልፈርም?

ጥያቄ፦ ሰላም ጠበቃችን። የምጽፍልዎ ከፍኖተ ሰላም ነው። በአንድ የግል ክሊኒክ በላብራቶሪ ቴክኒሻንነት ስሠራ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ሰሞኑን ወባ በርትቶ ላቦራቶሪው ከጠዋት እስከ ማታ ሰው አያጣም። ጓንት የሚሰጠን በቆጠራ ነው። ካለቀብን ከደሞዛችን እየተቆረጠ ይገዛል። ከ11 ቀን በፊት ደም ቀድቼ መርፌውን መልሼ ስከድን ጣቴን ወጋኝ። የክሊኒኩ ባለቤት ሐኪም ናቸው፤ «በአልኮል ጥረጊው፣ ምንም አይልሽም» ብለውኝ አለፉ። የጉበት ክትባት ተከትቤ አላውቅም። ትናንት ደግሞ ለሁላችንም ወረቀት አመጡና «ፈርሙ» አሉን። «የደህንነት መመሪያ ተሰጥቶኛል፣ የመከላከያ ዕቃ ተረክቤያለሁ፣ ለሚደርስብኝ ጉዳት ኃላፊነቱ የራሴ ነው» ይላል። ልፈርም? ብታመምስ ማን ያሳክመኛል? ያለ ጓንት አልሠራም ብልስ ያባርሩኛል? በመንግሥት ጤና ጣቢያ የምትሠራ ጓደኛዬም ችግሯ ያው ነው። መልሱ ለእሷም ይሆናል?

መልስ፦ እህቴ፣ ወረቀቱ ይቆይ። መጀመሪያ ዛሬውኑ ሄደው ይመርመሩ።

የጤና ባለሙያዋ እርስዎ ነዎትና ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት የሚጀመረው ከተወጉ በኋላ ቢበዛ በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ የሚወሰደውም ለ28 ቀን ነው። ያ ጊዜ አልፏል። ይህን የሚያነቡ ሌሎች የላብ ባለሙያዎች ግን ልብ ይበሉ፦ የተወጋውን ቦታ በውኃና በሳሙና ታጥቦ በዚያው ቀን ኤአርቲ (የኤችአይቪ ሕክምና) ክፍል ወዳለበት የመንግሥት ጤና ተቋም መሄድ ነው። አለቃ እስኪፈቅድ መጠበቅ የለም።

ለእርስዎ የቀረው ነገር ግን ቀላል አይደለም። በተለይ የጉበት ቫይረስ ቢ። ያልተከተበ ሰው ቫይረሱ ባለበት ሰው መርፌ ሲወጋ፣ ከ100 ተወጊዎች ከ6 እስከ 30 የሚሆኑት ይያዛሉ። የኤችአይቪው ከ1,000 ወደ 3 ገደማ ነው። ሁሉም ሰው የሚፈራው ኤችአይቪን ነው፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ይበልጥ የሚያሰጋው ግን የጉበቱ ነው። ስለዚህ ይመርመሩ፣ ክትባቱንም ሐኪም አማክረው ይጀምሩ። ታካሚው ማን እንደነበረ ከመዝገቡ ይታወቃል። በፈቃዱ መጥቶ ቢመረመር ለእርስዎ ትልቅ ነገር ነው፤ ይህንንም ባለቤቱን በጽሑፍ ይጠይቋቸው።

ምርመራው ለጤናዎ ብቻ አይደለም። ለክርክርም የመጀመሪያው ማስረጃዎ ነው። ነገ ያውላችሁ ታመምኩ ቢሉ፣ የአሠሪው ጠበቃ የሚያነሳው የመጀመሪያ ጥያቄ «ከክሊኒኩ እንደያዛት በምን ይታወቃል? በፊትም ነበረባት» የሚል ነው። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ይህንኑ እጠይቃለሁ። በ11ኛው ቀን የሚደረግ ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ ገና አዲስ የገባን ቫይረስ አያሳይም። ስለዚህ አሁን ነፃ ሆነው ከወራት በኋላ ከተገኘብዎ፣ «በፊት ነበረባት» የሚለው አፍ ይዘጋል። በቀጠሮው ተመልሰው መመርመርዎንም አይርሱ።

አንድ ማሳሰቢያ። በራስዎ ላቦራቶሪ ራስዎን አይመርምሩ። የላብ ሰዎች ይህን ታዘወትራላችሁ፤ አሥር ደቂቃ ነው፣ ወረፋም የለው። ነገር ግን ራስዎ ሠርተው ራስዎ የጻፉት ውጤት ፍርድ ቤት ፊት አይከብድም። ሌላ ተቋም ይሂዱ፣ ካርድ ያውጡ፣ «በሥራ ላይ መርፌ ወግቶኝ ነው» ብለው ያስጽፉ። ውጤቱ የእርስዎ ሚስጥር ነው። አሠሪዎ የኤችአይቪ ውጤት አምጪ ሊሉዎ አይችሉም።

አሁን ወደ ወረቀቱ። እንዳለ አይፈርሙ። ምክንያቱ ግን እርስዎ የጠረጠሩት ላይሆን ይችላል።

ሁላችሁንም ያስፈራችሁ «ኃላፊነቱ የራሴ ነው» የሚለው የመጨረሻው ሐረግ ይመስለኛል። በሕግ ፊት እሱ ባዶ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 4 የሥራ ውል በሕግ ከተሰጠው ያነሰ መብት ሊያስቀምጥ እንደማይችል ይናገራል። አንቀጽ 96 ደግሞ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሠራተኛው ላይ ለሚደርስ የሥራ ላይ ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ልብ ይበሉ፣ ጥፋት ባይኖርበትም። ይህን በአንድ ፊርማ ማስቀረት አይቻልም።

መርዙ ያለው ከፊት ባሉት ሁለት ሐረጎች ነው። «መመሪያ ተሰጥቶኛል፣ ዕቃ ተረክቤያለሁ» የሚሉት መብት መተው አይደሉም፤ የምስክርነት ቃል ናቸው። ያው አንቀጽ 96 አሠሪውን ነፃ የሚያወጣበት ቀዳዳም አለው። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ አሠሪው አይጠየቅም። በግልጽ የተሰጠውን የደህንነት መመሪያ ጥሶ ከተጎዳም ሆን ብሎ እንዳደረገው ይቆጠርበታል። ሰክሮ ሥራ መግባትም እንደዚያው ነው። እርስዎ ደግሞ በጻፉልኝ መሠረት መርፌውን መልሰው ሲከድኑ ነው የተወጉት። መርፌ መልሶ አይከደንም፤ እንዳለ ወደ ሴፍቲ ቦክስ፣ ወደ ያገለገለ መርፌ መጣያው ሣጥን ነው። ይህ የሙያው ሀሁ ነው። እንግዲህ «መመሪያ ተሰጥቶኛል» ብለው ከፈረሙ በኋላ ባለቤቱ «ነግሬያታለሁ፣ ጥሳ ነው» ቢሉ፣ ያን መከላከያ በእጅዎ ጽፈው ሰጧቸው ማለት ነው። ቀኑን ወደ ኋላ ወስደው ቢያስፈርሙዎትማ ጣጣው ይብሳል። ፊርማዎ ጎን የዛሬውን ቀን ሁልጊዜ በራስዎ እጅ ይጻፉ።

ካልፈረሙ ደግሞ መጋጨት ይመጣል፤ እሱንም አውቃለሁ። መካከለኛ መንገድ አለ። ወረቀቱን ተቀብለው ከሥር እውነቱን ይጻፉበት፦ «ስለ ደህንነት ሥልጠና አልተሰጠኝም፤ ጓንት በቀን ይህን ያህል ብቻ ይሰጠኛል፤ በዚህ ቀን በመርፌ ተወግቼ አስታውቄያለሁ።» ከዚያ ይፈርሙ። የዚያን ፎቶ በስልክዎ ያንሱ። አንድ ሣጥን ጓንት እውነት ከተረከቡ ደግሞ ለዚያ ሣጥን መፈረም ምንም ክፋት የለውም።

ባለቤቱ ምን ግዴታ አለባቸው? አንቀጽ 92ን ቢያነቡት ክሊኒካችሁን እያየ የተጻፈ ይመስላል። የመከላከያ መሣሪያና ልብስ ማቅረብ፣ አጠቃቀሙን ማስተማር፣ ስለ ሥራው አደጋ ማስረዳት፣ የደረሰን አደጋ መመዝገብና ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ማሳወቅ፣ እንደ ሥራው ጠባይ በራስ ወጪ ሠራተኛን ማስመርመር። ክትባት የሚል ቃል በስም አልተጠራም። የእኔ አቋም ግን ግልጽ ነው። አሠሪው «አስፈላጊውን እርምጃ» መውሰድ አለበት ተብሎ ከታዘዘ፣ ቀን ሙሉ ደም ለምትነካ ሠራተኛ ከሦስት ዶዝ ክትባት የበለጠ አስፈላጊ ምን ይኖራል? ዳኛ ፊት ቆሜ የምከራከረው እንዲህ ብዬ ነው።

የጓንቱ ነገር ያናድዳል። ደሞዝ የሚቆረጠው ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም ፍርድ ቤት ሲያዝ፣ አለዚያም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። ጓንት ማቅረብ በሕግ የአሠሪው ግዴታ ሆኖ ሳለ ዋጋውን ወደ እናንተ ማዞር አይቻልም። «በጽሑፍ ሲስማማ» የሚለውን ግን ልብ ይበሉ። ፈርሙ የሚባለው ቀጣዩ ወረቀት ይህ እንዳይሆን። የተቆረጠባችሁን ለማስመለስ ያላችሁ ጊዜ 6 ወር ብቻ ነው።

ብታመምስ ላሉት። በሥራ ላይ መርፌ መወጋት በአንቀጽ 97 የሥራ ላይ አደጋ ነው፤ ከዚያ የሚመጣው ሕመምም የእሱ ውጤት ነው። ይህን «አደጋ» ብሎ መያዝ ከ«በሽታ» ይሻላል። ለምን ቢሉ፣ አንቀጽ 98 በሥራ ምክንያት ስለሚመጣ በሽታ ሲናገር በአካባቢው ተዛምቶ ያለን በሽታ ይለያል። የሥራ በሽታ የሚሆነው ያንን በሽታ መዋጋት ሙያቸው ለሆነ ሠራተኞች ብቻ ነው። የላብ ባለሙያ እዚህ ውስጥ ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ አከራካሪ መሆኑ ግን አይቀርም። «ጉበትማ አገሩን ሞልቶታል፣ ከገበያም ይይዛል» የሚል ክርክር የሚመጣው በዚህ በር ነው። የአንድ ቀን፣ የአንድ ሰዓት፣ የአንድ ጣት አደጋ ካስመዘገቡ ግን ያ ክርክር ጉልበት ያጣል። አክታ ሲመረምር ቲቢ የያዘው ባልደረባችሁ ይህ ዕድል የለውም፤ እሱን የወጋው መርፌ የለምና።

ሕክምናው፣ ምርመራው፣ መድኃኒቱ በአሠሪው ወጪ ነው። ሥራ መሥራት ካልቻሉ እስከ 12 ወር ክፍያ አለዎት፦ የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደሞዝ፣ ቀጣዮቹን 3 ወራት ከ75 በመቶ የማያንስ፣ የቀሩትን 6 ወራት ከ50 በመቶ የማያንስ። ጉዳቱ ዘላቂ ከሆነ የጡረታ ጉዳይ ይመጣል። ስለዚህ ከደሞዝዎ 7 በመቶ እየተቆረጠ፣ የአሠሪው 11 በመቶም ተጨምሮበት ገቢ መሆኑን አሁን ያጣሩ። በወረቀት ተቆርጦ ገቢ ያልተደረገበት ብዙ ሰው አይቻለሁ።

አልሠራም ማለት ይቻላል ወይ? በግርግር አይሁን። ቤትዎ ተቀምጠው ቢቀሩ «ከሥራ ቀረች» የሚል ሰበብ ይሰጣሉ። ሥራ ቦታዎ ይገኙ፤ ያለ ጓንት ደም አልቀዳም የሚለውን ያንን አንዱን ተግባር ብቻ በጽሑፍ ይናገሩ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ጤናማና ደህንነቱ የተጠበቀ የሥራ አካባቢ የሠራተኛ መብት ነው ይላል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155ም ለሕይወቱ ከሚያሰጋ ቅርብና ከባድ አደጋ ራሱን ያራቀ ሠራተኛ እንዳይቀጣ ይጠብቀዋል። አቤቱታ ስላቀረቡ ማባረር ደግሞ በአንቀጽ 26 ሕገ ወጥ ነው። ከተባረሩ ወደ ሥራ ልመለስ የሚለው ክስ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ሦስት ወር ደግሞ ሽማግሌ ሲመላለስ ሳይታወቅ ያልቃል።

ሽምግልናውን ጠልቼ አይደለም። በእኛ አገር ከክስ በፊት ሽማግሌ መላክ ወግ ነው፤ ባለቤቱም ምናልባት ደህና ሰው ናቸው። በገንዘቡ ታረቁ። ግን በሽምግልናው መሐል መብቴን ትቻለሁ የሚል ነገር እንዳይጻፍ። «ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይባላል፤ ስለዚህ ሽማግሌው እየተላከም ደብዳቤው ይጻፍ።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። ቀን፣ ሰዓት፣ ምን እንደሠሩ፣ ማን እንዳየ፣ ለማን እንደነገሩ፣ ምን እንደተመለሰልዎ። ከሥር የሚጠይቁት፦ አደጋው ይመዝገብ፣ የምርመራና የክትባት ወጪ ይሸፈን፣ ጓንትና ሴፍቲ ቦክስ ይቅረብ። በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው በአንዱ ላይ «ደርሶኛል» አስብለው ያስፈርሙ። እምቢ ካሉ በሪኮማንዴ ፖስታ ይላኩ፤ ካልሆነ ሁለት ባልደረቦች ባሉበት ይስጡ። የዚያው ደብዳቤ ግልባጭ ለከተማው ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት፣ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪው ይግባ። ለጤና ተቆጣጣሪውም ማመልከት ይቻላል። እንደ እውነቱ ከሆነ የክሊኒክ ባለቤት ከፍርድ ቤት ይልቅ ፈቃዱን የሚያይበትን ሰው ይፈራል። በጓሮ የሚቃጠል መርፌና ጥጥ ካለም እግረ መንገድዎን እዚያው ይንገሩ።

ከዚህ ካልተፈታ ክሱ የሚቀርበው ለወረዳው ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ለጉዳት ካሳው የይርጋው (የክስ ማቅረቢያው) ጊዜ በመደበኛው 1 ዓመት ነው። የጽሑፍ ውል የለኝም ብለው አይስጉ፤ የሥራ ውል በቃልም ይጸናል። ይህ ላቡን የምታጸዳውን ሴትዮም ይመለከታል። እሷም በዚያው ቆሻሻ ውስጥ እጇን ትከታለች፤ ወረቀቱን ግን እንዲህ ነው ብሎ ያነበበላት ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። ያስረዷት።

የጓደኛዎ መንገድ ሌላ ነው። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ቋሚ ሠራተኛ ከሆነች አዋጅ 1156 አይመለከታትም፤ የምትተዳደረው በክልሉ የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ግን ለእሷም ይሠራል። አቤቱታዋን በመጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቷ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ በጽሑፍ ታቅርብ። እዚያ ካልተፈታላት ወደ አስተዳደር ፍርድ ቤት ይሄዳል። ጊዜው አጭር ስለሆነ የኮሚቴው ውሳኔ የደረሳትን ቀን በደብዳቤው ጀርባ ትጻፍበት። እሷም ተወግታ ከሆነ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ወደ ኤአርቲ ክፍሉ ትሂድ፤ ለእሷ 72 ሰዓቱ አላለፈ ይሆናል።