በሽማግሌ ፊት የተፈረመ የቤት ሽያጭ ውል ይጸናል ወይ?
ኮምቦልቻ ላይ ሊያከራዩት የገዙትን ቤት ውል በሦስት ሽማግሌዎች ፊት ፈርመው «በሕግ ይጸናል ወይ?» ብለው ለጠየቁት ወንድሜ፦ በወሎ የሽማግሌ ቃል የከበረ ቢሆንም፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መደረግ አለበት። ይህም ብቻውን አይበቃም፤ በአንቀጽ 1185 እንደተደነገገው ባለቤትነቱ የሚተላለፍልዎ በመዝገብ ሲገባ ነው። በወረቀቱ ላይ የሰፈረው «ቦታውን ከነቤቱ ሸጬያለሁ» የሚለው ቃልም ያሳስበኛል፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ የሚሸጠው በላዩ ያለው ቤት ነው። እባክዎ ቀሪውን ብር ሳይከፍሉ፣ ሻጩም ሳይርቅ፣ ቤቱ የጋራ ከሆነ ከነትዳር ጓደኛው ይዘውት ሄደው ውሉን እንደገና ያስመዝግቡ፤ ካርታው ዕዳና እግድ የሌለበት መሆኑንም አስቀድመው ያጣሩ።