ከረጅም ረሀብ በኋላ ምግብ መጀመር፦ ከሐዋሳ አስታማሚዎች የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶች

በሐዋሳ የተኙ ሕሙማንን አመጋገብ እከታተላለሁ፤ ከአስታማሚዎች ለደረሱኝ ጥያቄዎች እነሆ መልሴ።

ጥያቄ፦ እናቴ ለ12 ቀናት ያህል ከውኃ በቀር የረባ ነገር አልቀመሱም። የቡላ ገንፎ በቅቤ ብወስድላቸው ነርሷ ከለከለችኝ። ቡላ ምን ይጎዳል?

መልስ፦ የሚጎዳው ቡላው ሳይሆን መጠኑና ፍጥነቱ ነው። ረሀብ ሲረዝም ሰውነት የራሱን ስብና ጡንቻ እየበላ ይቆያል፤ የደም ምርመራው ደህና ቢመስልም እንኳ በሴሎች ውስጥ የነበሩት ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም የተባሉ ማዕድናት ይሟጠጣሉ። ቡላ ከሞላ ጎደል ስታርች በመሆኑ ወደ ስኳር ሲለወጥ ኢንሱሊን የተባለውን ሆርሞን ይቀሰቅሳል፤ ኢንሱሊኑም በደም ውስጥ የቀረውን ጥቂት ፎስፌት ወደ ሴል ያስገባዋል። ያን ጊዜ የልብ ምት ሊዛባ፣ የመተንፈሻ ጡንቻ ሊዝል፣ ሰውነትም ውኃ ሊቋጥር ይችላል። ይህ በአብዛኛው የሚከሰተው በመጀመሪያዎቹ 5 ቀናት፣ ማለትም ዘመድ «እህል ቀመሱልን» ብሎ እፎይ በሚልበት ሰዓት ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ በስንት ይጀመራል?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የብሪታንያ መመሪያ ለአደጋው በጣም ለተጋለጠ አዋቂ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ10 ካሎሪ እንዳይበልጥ ይመክራል፤ 40 ኪሎ ለሚመዝኑ እናት 400 ካሎሪ መሆኑ ነው። ከዚያ ከ4 እስከ 7 ቀናት ባለው ጊዜ ቀስ በቀስ ይጨመራል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የአሜሪካ ምክር ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ10 እስከ 20 ካሎሪ መጀመርን ይፈቅዳል፤ እኔ ግን ማዕድናቱን በየቀኑ መለካት በማይቻልበት ቦታ ዝቅተኛውን እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ በደም ሥር የሚሰጠው ጉሉኮስስ?

መልስ፦ እርሱም ምግብ ነው፤ ባለ 5 በመቶው አንድ ሊትር 50 ግራም ስኳር ይዟል። ስለዚህ ቲያሚን የተባለው ቫይታሚን ሊቀድመው ይገባል፤ አለበለዚያ አንጎል ሊጎዳ ይችላል።

ጥያቄ፦ ሁዳዴን ጾሜ ፋሲካ ላይ ብፈስክ ያሰጋኛል?

መልስ፦ የጾም ምግብ በየቀኑ ሲመገቡ ለከረሙ ጤነኛ ሰው ይህ ስጋት አይደለም።

ጥያቄ፦ ክፉኛ የከሳው ልጄም እንዲሁ ይጠብቅ?

መልስ፦ በፍጹም! ሕፃን ከዘገየ ስኳሩ ወርዶ ሊሞት ይችላል። በ100 ሚሊ ሊትር 75 ካሎሪ የያዘው ኤፍ 75 ወተት ሌሊትም ሳይቋረጥ በየ2 ወይም በየ3 ሰዓቱ በጥቂት በጥቂቱ ይሰጠዋል። ስለዚህ ሌሊት የሚቀሰቅስዎትን ነርስ አይቆጡት።